«የሒሳብ መምህር ልሆን ነው» ሲባል ፊት የሚጠቁረው ለምንድን ነው?

እኛ ሴቻዎች ከላይ ሆነን ዓባያንና ጫሞን እያየን፣ ሙዙንም ማንጎውንም እየቀመስን ደህና ነን።

ለዛሬ የያዝኩላችሁ ጉዳይ የፍቅርም፣ የኑሮም፣ የትምህርትም ነው። ሦስቱን ለየብቻ ላድርጋቸው ብል እምቢ አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው።

አንድ የሴቻ ልጅ አለ። ስሙ ይቆየን። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የደረሰው ሒሳብ ነው። መጀመሪያ ላይ ቅር ቢለውም እየቆየ ወደደው። አሁን የመጨረሻው ዓመት ላይ ነው፤ ሐሳቡም የመምህርነት ሥልጠናውን ጨምሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ማስተማር ነው። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም። ችግሩ የመጣው ከልጅቷ ወገን ነው። አራት ዓመት አብረው ዘልቀዋል፤ ሽማግሌ የሚላክበት ጊዜም ተቃርቧል። ታላቅ ወንድሟ «ልጁ ምን ሊሆን ነው?» ሲል ጠየቃት። «መምህር» አለች። «የምን?» «የሒሳብ»። ወንድምየው ዝም አለ። ቆየት ብሎ «ምነው፣ ሌላ ነገር አልመጣለትም እንዴ?» አለ። አለቀ! ልጅቷ ይህንኑ ለልጁ ነገረችው፤ ልጁም እንቅልፍ አጣ።

በሌላ በኩል ሲቀላ የሚኖር አጎት አለው። ሙዝ እየጫነ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ነው። «ሒሳብ የምታውቅ ከሆነ የኔን ሒሳብ ያዝልኝ፤ ከጠመኔ ብናኝ ይሻልሃል» ይለዋል። እንግዲህ ልጁ መሐል ላይ ቆሞ «አንተ ሰው ስታማክር አይሃለሁ፤ ልግባበት ወይስ ልተወው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ትምህርቴን የገፋሁት እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ዲግሪ የለኝም። ይሁን እንጂ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዴስክ ላይ ተቀምጬ መምህር ሳይ የኖርኩ ነኝ። ጥሩ መምህር ምን እንደሚመስል ለመናገር ተማሪ መሆን ራሱ ይበቃል ባይ ነኝ። ያም ሆኖ በባዶ ሜዳ ምክር አልሰጥም ብዬ ሁለት ሰው ጠየቅሁ። አንደኛው ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው። ሁለተኛዋ ደግሞ አሁን በማስተማር ላይ ያለች፣ ተማሪዎቿ «ቲቸር» የሚሏት ወጣት ናት።

ድሮማ እንዲህ አልነበረም!

ጋሼ ጥያቄዬን ሲሰሙ ሳቁ። «በኛ ጊዜ መምህር ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሳ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአገራችን የሁለተኛ ደረጃ መምህር እጥረት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ ሰላም ጓድ ወጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ቁጥራቸው ሦስት መቶ ይጠጋ ነበር፤ አብዛኞቹም የተላኩት ለማስተማር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ ተደነገገ። ከነሱም ብዙዎቹ የሠሩት መምህር ሆነው ነው። የጋሞ ጎፋ መናገሻ ከጨንቻ ብርድ ወርዶ አርባ ምንጭ ላይ ሲተከልም ዘመኑ ያው ነበር። ያን ጊዜ መምህር ማለት ከተማው ውስጥ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ሰው ነው።

ታዲያ ክብሩ የት ሄደ? የደመወዙን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ጋሼ ግን ሌላ ምክንያት ነገሩኝ። «መምህርነት የተረፈው ሰው የሚሄድበት ነው ተባለ። ነጥብ ያነሰው ልጅ ወደ መምህርነት ሲላክ ያየ ሕዝብ ሙያውንም ትርፍራፊ ነው ብሎ ደመደመ» አሉ። ቀጥለውም «ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ማስተማር ይችላል የሚባለው ነገር ነው የገደለን» አሉኝ።

አንባቢያን፣ ይህችን የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ያዙልኝ። የዛሬው ጽሑፌ ጠቅላላ ነገሩ እሷ ላይ ነው።

ማወቅ ሌላ፣ ማስተማር ሌላ

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ። 1 ከ3/4 ለ1/2 ሲካፈል ስንት ነው? ብዙዎቻችሁ «ሁለተኛውን ገልብጦ ማባዛት» ትሉና 3 ከ1/2 ላይ ትደርሳላችሁ። ጎበዝ! አሁን ደግሞ ለዚህ ስሌት ከኑሮ የተወሰደ ታሪክ ፍጠሩለት። እህ… ዝም አላችሁ አይደል?

ሊፒንግ ማ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ ጥያቄ ለ23 አሜሪካውያንና ለ72 ቻይናውያን የአንደኛ ደረጃ መምህራን አቅርባ ያገኘችውን ጽፋለች። አሜሪካውያኑ ዲግሪ ያላቸው ናቸው፤ ቻይናውያኑ ግን ትምህርት ቤት የቆዩበት ዘመን ከነሱ ያንሳል። ሆኖም ስሌቱን ቻይናውያኑ በሙሉ በትክክል ሲሠሩት ከአሜሪካውያኑ ግማሹ እንኳ አልሠራውም። ታሪክ ፍጠሩ ሲባሉማ ልዩነቱ የባሰ ሆነ። ብዙዎቹ አሜሪካውያን የፈጠሩት ታሪክ «ለግማሽ ማካፈል»ን ትቶ «ለሁለት ማካፈል» ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ሴቻ ገበያ ያለች እናት ግን ይህን ታሪክ ታውቀዋለች። 1 ኪሎ ከ3/4 ሽሮ አላት፤ የምትሰፍርበት ጣሳ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ይይዛል። ስንት ጣሳ ይወጣዋል? ሦስት ሙሉ ጣሳና ግማሽ። ይኸው ነው! መልሱ ከመጀመሪያው ቁጥር ለምን እንደበለጠም ያኔ ለልጁ ይገባዋል።

አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን ዓይነቱን ዕውቀት ለይቶ ስም አውጥቶለታል። ትምህርቱን ማወቅ አንድ ነው፤ በጠቅላላው እንዴት እንደሚስተማር ማወቅ ሌላ ነው። ሦስተኛው ግን ያንን ትምህርት ለልጅ የሚገባ አድርጎ ማቅረብ፣ ልጅ የት ቦታ ላይ እንደሚሰናከልም አስቀድሞ ማወቅ ነው። ሐኪም በሽታን እንደሚያውቅ ሁሉ የሒሳብ መምህርም ስሕተትን ያውቃል።

ስሕተትም ዘር አለው

ቲቸር ይህን በምሳሌ አስረዳችኝ። ተማሪ 1/2 ሲደመር 1/3 ሲባል 2/5 ይላል። ከላይ ከላዩን ደመረ፤ ከታች ከታቹን ደመረ። ብዙ መምህር ኤክስ አድርጎ ያልፈዋል። እሷ ግን «ግማሽ እንጀራ ይዘህ ሌላ ጨመሩልህ፤ አሁን የያዝከው ከግማሽ አነሰ ነው የምትለኝ?» ትለዋለች። 2/5 ከግማሽ ያንሳላ! ልጁ ራሱ ይስቅና ወደ ደብተሩ ይመለሳል።

ሌላም አለ። (ሀ+ለ) በራሱ ሲባዛ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሁሉ ሀ ካሬ ሲደመር ለ ካሬ ይላል። እሷ የዶርዜ ሸማኔ ከተማ አጠገብ እያለ ለምን እቸገራለሁ ብላ በጋቢ ታስተምረዋለች። ጎኑና ጎኑ 5 ክንድ የሆነ ጋቢ አስቡ፤ ስፋቱ 25 ነው። አሁን 5ን 3 እና 2 አድርጋችሁ በቁመትም በአግድምም መስመር አስምሩበት። አንዱ ጥግ 9፣ ሌላው ጥግ 4፣ ድምሩ 13። የቀረው 12 የት ሄደ? መሐል ላይ 3 በ2 የሆኑ ሁለት ቁራጮች ተረስተዋል! «ሸማኔ ጋቢውን ሲያስረክብ እነዚያን ሁለት ቁራጮች ቢያስቀር ዝም ትላላችሁ?» ስትላቸው ክፍሉ ይንጫጫል። ከዚያ በኋላ ያንን ስሕተት የሚደግም ልጅ ጥቂት ነው አለችኝ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣውን ፕላዝማ ታስታውሳላችሁ? ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ ክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን እሱ ይወስደዋል፤ መምህሩ መግቢያና መውጫዋን ይዞ ጥግ ይቆማል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ሒሳቡን ጥሩ አድርጎ ያውቃል። የማያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ግንባሯን መቋጠሯን። እሷ ሁለተኛው መስመር ላይ ቀርታለች፤ እሱ ስምንተኛው ላይ ደርሷል። መምህር ማለት እንግዲህ ያችን ግንባር የሚያይ ሰው ነው።

ዝግጅቱ ምን ይጠይቃል?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አርባ ምንጭ ካለው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚወጡት ለታችኛው ደረጃ የሚያስተምሩ ናቸው። ለሁለተኛ ደረጃ ዲግሪ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ የለም። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው፣ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ አጠገባችን ነው። መንገዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋውና ተማሪዎቹ «ፒጂዲቲ» የሚሉት ነው። በሒሳብ ተመርቀህ ስታበቃ አንድ ዓመት የማስተማር ሙያ ትጨምርበታለህ። ሁለተኛው ደግሞ ሒሳቡንና ማስተማሩን ከመጀመሪያው አጣምሮ የሚሰጠው የአራት ዓመቱ የትምህርት ዲግሪ ነው። አንተ የምትመዘገብበት ቦታ የትኛውን እንደሚሰጥ የጓደኛ ወሬ ከመስማት ሬጅስትራር ሄደህ መጠየቅ ይሻላል።

በሁለቱም መንገድ ዋናው ነገር ፕራክቲከሙ ነው፤ ማለትም ትምህርት ቤት ሄዶ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ ማስተማር። ብዙ ሠልጣኝ ይህን «ፊርማ አስፈርሞ መምጫ» ያደርገዋል። ቲቸር በዚህ ነገር ትናደዳለች። «እኔ ያን ጊዜ የያዝኩትን ደብተር እስከ ዛሬ አልጣልኩም፤ የተማሪ ስሕተት የሰበሰብኩበት ነው» አለችኝ። ከሷና ከጋሼ የለቀምኩትን ምክር እነሆ፦

አንደኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን መማሪያ መጽሐፍ እንደገና ከገጽ አንድ ሥራው። ዩኒቨርሲቲ ከባዱን ሲማር የኖረ ሰው ቀላሉን «አውቀዋለሁ» ብሎ ይዘለዋል፤ ክፍል ውስጥ የሚያዋርደው ግን ቀላሉ ነው። ጋሼ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ «ይህ ለምን እውነት ሆነ?» ብለህ ሦስት ጊዜ ጠይቅ ይላሉ።

ሁለተኛ፣ ሰሌዳውን ለሦስት ክፈለው። አንዱ ላይ ጥያቄው ይቆይ፤ አንዱ ላይ ሥራው ይሠራ፤ አንዱ ለተማሪ ሙከራ ይተው። ዳስተሩን ቶሎ አታንሳ። ለልጆቹም ጀርባህን ሰጥተህ ከሰሌዳው ጋር አታውራ።

ሦስተኛ፣ ጥያቄ ላይ አትጣደፍ። የሀንጋሪ ተወላጁ የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ አራት ደረጃ አስቀምጧል፦ ጥያቄውን መረዳት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ መሥራት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት። ተማሪዎቻችን ሦስተኛው ላይ ዘለው ነው የሚጀምሩት። መምህሩም ያንኑ ካደረገ ማን ያስተካክላቸዋል?

አራተኛ፣ ቋንቋውን አጥና። ይህ በተለይ ለኛ አገር ልጅ ትልቅ ነገር ነው። የጋሞ ልጅ ትምህርቱን በጋሞኛ ይጀምራል፤ ከተማ ወርዶ አማርኛ ይሰማል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ መጽሐፉም ፈተናውም እንግሊዝኛ ነው። «አት ሊስት 5» ሲባል «ሊስት» ያለችውን ቃል ይዞ «ከ5 ያነሰ» ብሎ ይጽፋል፤ ትርጉሙ ግን 5 እና ከዚያ በላይ ነው። ይህ ልጅ ሒሳብ አልቸገረውም፤ የቸገረው ቋንቋው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያሉትን ወጥመድ ቃላት ለቅመህ በአማርኛም በጋሞኛም የምታስረዳበትን ዘዴ አዘጋጅ። ደግሞም ምሳሌህን ከደጅህ ውሰድ። ከሲቀላ ሴቻ በእግሩ የወጣ ልጅ፣ «ስሎፕ» ምን ማለት እንደሆነ ጉልበቱ ያውቀዋል! ያንተ ሥራ ጉልበቱ የሚያውቀውን ወደ ደብተሩ ማምጣት ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ የማታውቀው ጥያቄ ሲመጣ አትቆጣ። ቲቸር ስትጀምር 12ኛ ክፍል ከሷ የሚረዝሙ ወንዶች ነበሩ። ሊፈትኗት ከባድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ነገ ይዤ እመጣለሁ እላለሁ፤ ነገም ይዤ እሄዳለሁ» አለችኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ የክፍሉን ሁሉ ስም ሸመደደች። ስሙን ከምታውቅ መምህርት ጋር የሚጣላ ልጅ እምብዛም ነው። እናንተ ሒሳብ የምትወዱ እህቶቼም ይህን ስሙ፤ ሴት ልጅ ሰሌዳ ፊት ቆማ ሒሳብ ስትሠራ ያየች ሌላ ሴት ልጅ «ሒሳብ የወንድ ነው» የሚለውን ወሬ አትሰማም።

እንጀራውስ?

አሁን ደግሞ ወደ ወንድምየው ጥያቄ እንምጣ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ እህቱን ነው የሚያስበው። በ2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በተለያዩ አካባቢዎች ደመወዝ ዘግይቶ መምህራን ምን ያህል እንደተቸገሩ ያልሰማ የለም። ስለዚህ ለልጁ «ገንዘብ ምን ያደርጋል» ብዬ አልዋሽም። የመጀመሪያ ምድቡም ሴቻ ላይሆን ይችላል፤ ቦንኬም፣ ዲታም፣ ካምባም ሊሆን ይችላል። ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ ሩቅ ነው። ይህን ለልጅቷ ከአሁኑ ቁጭ ብሎ መንገር አለበት። ከሠርግ በኋላ የሚሰማ ምድብ ጠብ ያመጣል።

ያም ሆኖ ሌላኛውን ወገንም እንይ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ልጆቻችን ፍራሽና ሻንጣ ተሸክመው ገቡ። ውጤቱ ሲመጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኘው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ከመቶ ልጅ ዘጠና ከምናምኑ ወደቀ ማለት ነው። ይህን ያየ ትምህርት ሚኒስቴርም በ2016 ክረምት የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ የሚያስተምሩትን ትምህርት እንደገና እስከማሠልጠን ደረሰ። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ይህ ሁሉ ወላጅ ከእንግዲህ የሚፈልገው ማንን ነው? ሒሳብን የሚያስረዳ ሰውን አይደለም እንዴ? ሙዝ የሚጭን ሰው አርባ ምንጭ ውስጥ ሞልቷል። ሙዝ መጫን ነውር ነው ማለቴ አይደለም፤ እኛንም ያኖረን እሱ ነው። ግን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግንባሩን ሲቋጥር የት ቦታ ላይ እንደጠፋበት የሚያውቅ ሰው፣ ኧረ ስንት አለን?

«መምህር እንደ ሻማ ነው፤ ለሌላው አብርቶ ራሱ ይቀልጣል» የምትባለዋን ነገር እኔ አልወዳትም። ሰው ልቅለጥ ብሎ ሙያ አይገባም። ጋሼ ጡረታ ወጡ እንጂ አልቀለጡም፤ ዛሬም የሰፈር ልጅ ደብተር ይዞ ደጃቸው ላይ ይሰለፋል።

ለወንድሜ ምላሼ

ልግባበት ወይስ ልተወው አልከኝ። እኔ አልወስንልህም፤ ግን አንድ ፈተና ልስጥህ። ከጎረቤት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ፈልግ፤ ጎበዙን ሳይሆን ሒሳብ የሚያስለቅሰውን። ለሁለት ሳምንት፣ በቀን አንድ ሰዓት አስጠናው። አንድ ሕግ ብቻ አለህ፦ መልሱን አትነግረውም። ሲሳሳት «እንዴት አሰብከው?» ብለህ ትጠይቀዋለህ፤ እሱ እያስረዳ አንተ ትሰማለህ። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ የልጁ ስሕተት ካሰለቸህ፣ ሰዓትህን ቶሎ ቶሎ ካየህ፣ ወንድሜ፣ አጎትህ ጋ ሂድ። ማንም አይወቅስህም፤ ሳይወዱ ገብተው ልጅ ከሚያስጠሉት መምህራን ትሻላለህ። የልጁ ስሕተት ከመልሱ በላይ ካጓጓህ፣ ማታ ተኝተህ «ነገ በምን ላስረዳው?» ካልክ ግን ሥራህን አግኝተሃል። ያኔ ለወንድሟ የምትሰጠው መልስም አለህ። «ሌላ አልመጣለትም?» ሲል «መጥቶልኝ ነበር፤ ይህን መረጥኩ» ትለዋለህ። የመረጠ ሰው አነጋገሩም አቋቋሙም ይለያል፤ ሽማግሌም ይህን ለመለየት አይቸገርም።

ልጅቷንስ? ከማስጠናቱ አንድ ቀን ይዘሃት ሂድ። ቁጭ ብላ ትይህ። አራት ዓመት ያወቀችህ ልጅ ያን ጊዜ ፊትህ ላይ የምታየውን ነገር ወንድሟ በወሬ ሊያጠፋው አይችልም።

እስከ ሳምንት ደህና ሰንብቱልኝ!